አይስክሬም የሚሸት ሽቶ እቤት መቀመም፦ ከክሬሙ እንጀምር

አይስክሬም የሚሸት ሽቶ ልቀምም ብሎ የሚነሳ ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ስኳሩ ነው። ቫኒላ ያበዛል፣ ካራሜል ይጨምራል፣ ላዩ ላይ እንጆሪ ያፈስበታል። የሚወጣው ከረሜላ ነው። ከረሜላ ቆንጆ ሽታ ነው፤ ግን አይስክሬም አይደለም። አይስክሬምን አይስክሬም የሚያደርገው የወተቱ ስብ ነው። ስኳሩ እሱን ተከትሎ ይመጣል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ የራሱ ሽታ እንኳ የለውም። ስለዚህ ክሬሙን መጀመሪያ ሥሩት፣ ስኳሩን ቆጥባችሁ ጨምሩ፣ ፍራፍሬው ይከተል፣ ቅዝቃዜውን መጨረሻ ላይ በጣም በትንሹ አስገቡ።

እኔ የምቀምመው ሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ማዶ ነው። አካባቢው የወተት አገር ስለሆነ የክሬምን ሽታ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሽቶ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ትኩስ ወተት አፍሉና እንፋሎቱን አሽቱት። ሌላ ቀን ለጋ ቅቤ ሲነጠር አጠገቡ ቁሙ፤ ኮሰረቱና ኮረሪማው ሳይገባ በፊት ግን ይሁን፣ ቅመሙ ከገባ በኋላ የቅቤው የራሱ ሽታ ይሸፈናል። ያ ለስላሳ፣ ትንሽ ኮክ ትንሽ ኮኮናት የሚል ጣፋጭ ሽታ የሚመጣው ላክቶን ከሚባሉ ሞለኪውሎች ነው። ቅቤ ሲሞቅ ዴልታ-ዴካላክቶንና ዴልታ-ዶዴካላክቶን ይወጣሉ። ሽቶ ቀማሚዎችም ክሬም የሚሠሩት በእነዚሁ ነው። ከዚያ ደግሞ ለጋውን ቅቤ ከበሳል ቅቤ ጋር እያፈራረቃችሁ አሽቱ። በሳሉ ላይ አፍንጫ የሚወጋው ነገር በአብዛኛው ቡቲሪክ አሲድ ነው። ክሬም የሚሸት ሽቶ ሲበላሽ ወደዚያ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ድንበሩን አፍንጫችሁ ቀድሞ ይወቀው።

አሁን ወደ ዕቃው። ጋማ-ኖናላክቶን ኮኮናት ይሸታል፤ ክሬሙን ወፈር ያደርገዋል። ጋማ-አንዴካላክቶን ደግሞ ኮክ ነው፤ የበሰለ ኮክ ከነልጣጩ። ጌርላን የተባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት እ.ኤ.አ. በ1919 ያወጣው ሚትሱኮ የሚባለው ሽቶ ታዋቂ የሆነው በዚህ ኮክ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም አሁን ድረስ ይሸጣል። ስትገዙ ግን ጠርሙሱ ላይ ሌላ ስም ልታገኙ ትችላላችሁ። ኮኮናቱ «አልዲሃይድ ሲ-18»፣ ኮኩ «አልዲሃይድ ሲ-14»፣ እንጆሪ የሚሸተው ደግሞ «አልዲሃይድ ሲ-16» ይባላል። ሦስቱም በኬሚስትሪው አልዲሃይድ ከሚባለው ቤተሰብ አይደሉም፤ የቆየ የንግድ ስም ነው። ሻጩ «አልዲሃይድ ነው» ሲላችሁ ሌላ ነገር መስሏችሁ አትለፉት።

ለቅቤ ሽታ ዲያሴቲል የሚባል ነገር የሚጠቁማችሁ ሰው ካለ ተዉት። የፈንዲሻ ቅቤ የሚሸተው እሱ ነው። ፈንዲሻ ፋብሪካ ውስጥ እንፋሎቱን በብዛት የተነፈሱ ሠራተኞች ላይ ከባድ የሳንባ ሕመም አስከትሏል። ላክቶኖቹ እያሉ እሱን የምንፈልግበት ምክንያት የለም።

ወደ ጣፋጩ ስንመጣ ዋናው ቫኒሊን ነው። ቲማንና ሃርማን የሚባሉ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1874 ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሠሩት ጀምሮ ርካሽ ሆኗል። ኤታይል ቫኒሊን የሚባል ወንድም አለው፤ ጉልበቱ በግምት ሦስት እጥፍ ስለሆነ በቫኒሊን ልክ እንዳትጨምሩት። የተቃጠለ ስኳር ወይም የጥጥ ከረሜላ የሚሸተው ኤታይል ማልቶል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኦሊቪየር ክሬስፕ የተባለ ሽቶ ቀማሚ ለቲየሪ ሙግለር ፋሽን ቤት የሠራው ኤንጅል የሚባለው ሽቶ ይህን ነገር በብዛት ተጠቅሞ ነው የሚበላ ነገር የሚሸት ሽቶን ፋሽን ያደረገው። ኤንጅል ውስጥ ግን ፓቹሊ የሚባል ቅጠል ከባድ ሽታ አለ፤ ስኳሩን ወደ መሬት የሚስበው እሱ ነው። እኛ እንደዚያ ያለ ክብደት አንፈልግም፤ አይስክሬም ላይ ፓቹሊ ከገባ አበቃ። ስለዚህ መቆጣጠሪያው መጠኑ ብቻ ነው። ኤታይል ማልቶልን መቶ ጊዜ ካላቀጠናችሁት አትንኩት።

አልኮሉን በተመለከተ ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ውኃ ስላለበት ሽቶው ይደፈርሳል። 96 በመቶ ኢታኖል ፈልጉ። ካቲካላም አይሆንም፣ የራሱ ሽታ አለው፣ ውኃውም ብዙ ነው። ሜታኖል ወይም ምንነቱ በግልጽ ያልተጻፈ የፋብሪካ አልኮል ደግሞ በፍጹም፤ በቆዳም በትንፋሽም ይመርዛል። ስትሠሩ ከሰል የተቀጣጠለበት ክፍል ውስጥ አትሁኑ። አንደኛ አልኮሉ እሳት ይይዛል፤ ሁለተኛ ቡና እየተቆላ ዕጣን እየጨሰ ምንም ነገር በትክክል ማሽተት አይቻልም። አፍንጫ ሲደክም የቡና ፍሬ ማሽተት ይመልሰዋል የሚባለውም ንጹሕ አየር ከመሳብ የተሻለ አይሠራም። ደጅ ወጣ በሉ፣ ወይም የራሳችሁን ክንድ አሽቱ።

ያሉትን ፈሳሾች ሁሉ መጀመሪያ አቅጥኑ። 1 ግራም ሽታ ከ9 ግራም አልኮል ጋር፦ ይሄ 10 በመቶ ነው። ከዚህ ውስጥ 1 ግራም ወስዳችሁ እንደገና ከ9 ግራም አልኮል ጋር ስትቀላቅሉት 1 በመቶ ይሆናል። የኪስ ሚዛን መርካቶ ይገኛል፤ እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ይሁን። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ስሙንና መጠኑን ወዲያው ጻፉ፤ ሁሉም ፈሳሽ ቀለም ስለሌለው ነገ አትለዩትም።

እንግዲህ የእንጆሪ አይስክሬሙ መነሻ ይኸውላችሁ። ሌላ መጠን ካልጠቀስኩ ሁሉም 10 በመቶ የቀጠነ ነው። መጀመሪያ ክሬሙን ለብቻው ሥሩ፦ ዴልታ-ዴካላክቶን 12 ጠብታ፣ ጋማ-ኖናላክቶን 6፣ ሳንዳሎር 8፣ ኤቲሊን ብራሲሌት 20። ሳንዳሎር ሰንደል እንጨት የሚሸት ሠራሽ ነገር ነው፤ ሰንደል በባሕርዩ ወተት ወተት ስለሚል ክሬሙ ቶሎ እንዳይጠፋ ከሥር ይዞ ያቆየዋል። ኤቲሊን ብራሲሌት ነጭ ምስክ የሚባለው ለስላሳ ሽታ ነው፤ ብቻውን ብዙም ላይሸታችሁ ይችላል፣ ሲጎድል ግን ሁሉም ነገር ሹል ይሆናል። እዚህ ላይ ቁሙና ወረቀት ላይ ነክራችሁ አሽቱት። ገና ጣፋጭ ሳይሆን የፈላ ወተት ከመሰላችሁ ትክክል ናችሁ። ኮኮናቱ ቀድሞ ከመጣ የሚቀጥለው ጊዜ 6ቱን ወደ 4 አውርዱ። ብዙ ሰው ይሄን ደረጃ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ጊዜዬን በሙሉ እዚህ ባጠፋው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ክሬሙ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ቀላል ነው፤ ክሬሙ ካልሆነ ደግሞ ምንም ፍራፍሬ አያድነውም።

ቀጥሎ ቫኒሊን 20 ጠብታ፣ ኤታይል ማልቶል ባለ 1 በመቶው 6 ጠብታ። ከዚያ ፍራፍሬው፦ ሲ-16 8 ጠብታ፣ ሲ-14 3 ጠብታ። ሲ-16 ለብቻው የእንጆሪ ማርማላታ ነው፤ የበሰለ፣ የተጋገረ። ትኩስ እንጆሪ እንዲመስል ትንሽ ቅጠል ይፈልጋል። ሲስ-3-ሄክሴኖል የሚባለው ነገር አሁን የታጨደ ሳር ይሸታል፤ በኅዳር ገበሬው ሳር ሲያጭድ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚሸተው እሱ ነው። ከባለ 1 በመቶው 1 ጠብታ ብቻ ጨምሩ። ሎሚ 3 ጠብታ ኮምጠጥ ያደርገዋል። ሄዲዮን 11 ጠብታ አየር ያስገባበታል፤ ጃስሚን የሚሸት ቀላል ነገር ነው፣ የተጫጫነውን ይበትነዋል።

ስለ ሎሚው አንድ ነገር። በእንፋሎት የተጣራውን ዘይት ግዙ፤ ከልጣጩ ተጨምቆ የወጣውን አይደለም። ተጨምቆ የወጣው የሎሚም፣ ቤርጋሞት የሚባለው የሎሚ ዘመድም ዘይት ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥልና ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። እኛ ደግሞ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ጤና አዳምም እንደዚሁ ነው፤ መዓዛው ቢያምርም ቆዳ ላይ ለሚቀባ ነገር አትጠቀሙበት።

አሁን ቅዝቃዜው። እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል ይሄ ነው። ከፍሪጅ የወጣ አይስክሬም ብዙም አይሸትም፤ ሞለኪውሎቹ ሲቀዘቅዙ መነሳት ያቅታቸዋል። የምናሸተው አፍ ውስጥ ሲቀልጥ ነው። ስለዚህ እኛ የምንቀምመው የሚቀልጠውን አይስክሬም ነው ማለት ነው። ታዲያ «ቀዝቃዛ» የሚለው ስሜት ከየት ይመጣል? ነርቮቻችን ላይ ትሪፕ-ኤም-8 የሚባል ተቀባይ አለ። ብርድ ሲነካው ይከፈታል፤ ሜንቶልም ይከፍተዋል። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን ይህን ተቀባይ ለየብቻቸው ያገኙት በሜንቶል ነበር፤ ስለ ሙቀትና ስለ ንክኪ ተቀባዮች በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል። ይህን ተቀባይ የሚነካ ሌላ ነገር ደግሞ ሲኒዮል ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ያለው። ሲኒዮል ደግሞ የት አለ መሰላችሁ? ኮረሪማ ውስጥ። የኮረሪማ ፍሬ ዘይት ሲሶው አካባቢ ሲኒዮል ነው። ኮረሪማ ሲፈለቀቅ አፍንጫ ላይ የሚሰማው ቅዝቅዝ ያለ ነገር ከዚህ ነው።

ለዚህ ነው ከናና ይልቅ ኮረሪማ የምመርጠው። ናና ገና ሲታወቅ ሽቶው የጥርስ ሳሙና ይሆናል። ባሕር ዛፍ ደግሞ የጉንፋን መታጠኛ ያስታውሳል፣ ለእኛ ሰው በተለይ። ኮረሪማ ግን ቅዝቃዜውን ሰጥቶ ሲያበቃ ከወተቱ ጋር ተስማምቶ ይቀራል። ልጣጩን ፈልቅቁና ጥቁሮቹን ፍሬዎች ብቻ ገርደፍ አድርጉ፣ በ96 በመቶ አልኮል ነክራችሁ ጠርሙሱን ጨለማ ቦታ አንድ ሁለት ሳምንት አስቀምጡ፣ ከዚያ በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልሉት። ከዚህ ፈሳሽ 2 ጠብታ ጀምሩ። ናናንም ካልተውኩ የምትሉ 1 በመቶ ካቀጠናችሁት 1 ጠብታ ይበቃል። መለኪያው ይሄ ነው፦ የሚያሸተው ሰው «ይቀዘቅዛል» ካለ ጥሩ ነው፤ «ናና አለበት» ካለ አልፋችኋል።

የአገራችን ዕጣንም እዚህ ይገባል፣ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። ከሰሜን የሚመጣው ዕጣን ዘይቱ ሲጣራ አብዛኛው ኦክታይል አሲቴት ነው። እሱ ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል የፍራፍሬ ሽታ አለው። የተጣራ የዕጣን ዘይት ካገኛችሁ ከሎሚው አንድ ጠብታ ቀንሳችሁ በእሱ ተኩ። ሙጫውን አልኮል ውስጥ መንከር ግን ሌላ ውጤት ነው፤ ከባዱ ሙጫ አብሮ ስለሚገባ ክሬሙን ያደነድነዋል።

ፍራፍሬውን መቀያየር ከፈለጋችሁ ክሬሙን ሳትነኩ ሲ-16ን አውጡ። ለኮክ አይስክሬም ሲ-14ን ወደ 8 አሳድጉት፣ በቃ። ማንጎ ይከብዳል፤ ኮክ ብቻ ካደረጋችሁት ማንጎ አይሆንም፣ የአርባ ምንጭ ማንጎ ሲላጥ ከጣፋጩ ጋር የሚመጣ ሙጫ ሙጫ የሚልና ትንሽ ድኝ ያለበት ጠርዝ አለ። እሱን ከካሲስ (ብላክከረንት) ወይም ከግሬፕፍሩት በጣም ትንሽ ወስዳችሁ ነው የምትፈጥሩት። አናናስ በአሊል ካፕሮኤት ይመጣል፣ ኃይለኛ ስለሆነ ከ1 በመቶው ጀምሩ። አቮካዶ የሚጠይቁኝ አሉ። አቮካዶ ሽታው በጣም ደካማ ነው፤ ሽቶ ውስጥ ከእሱ የምንፈልገው ስቡን ስለሆነ ዴልታ-ዴካላክቶኑን በ2 ጠብታ መጨመር ይበቃል። ሶርቤ ከሆነ ሐሳባችሁ ወተት የለበትም፤ ላክቶኖቹንና ሰንደሉን አውጡ፣ ሎሚውን እጥፍ አድርጉ፣ ካሎን ከሚባለው ሐብሐብና የባሕር ነፋስ ከሚሸተው ነገር 0.1 በመቶ የቀጠነ አንድ ጠብታ ጨምሩ። ውኃ ውኃ የሚለው በረዶ ከዚያ ይመጣል።

ሙዝ ላይ ጥንቃቄ። የሙዝ ሽታ የሚሠራው በአይሶአሚል አሲቴት ነው። ንቦች ሲናደፉ አደጋ አለ ብለው አንዱ ሌላውን የሚጠሩበት ሽታም ዋናው እሱ ነው። ሆለታ፣ ሱሉልታ፣ መናገሻ አካባቢ ጓሮው ቀፎ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ሙዝ የሚሸት ሽቶ ተቀብታችሁ ቀፎ አጠገብ አትሂዱ፤ ጠርሙሱንም እዚያ አትክፈቱት።

ከተቀመመ በኋላ ወዲያው አትፍረዱበት። ጠርሙሱን ዘግታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተዉት፤ አራት ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ ላይ የአልኮሉና የእንጆሪው ጠርዝ ለየብቻ ይሰማል፣ ሲቆይ ይዋሃዳል። ቀለሙ ወደ ቢጫ ከዚያም ወደ ቡናማ ቢሄድ አትደንግጡ፤ ቫኒሊን እንዲህ ያደርጋል። ግን በዚህ ምክንያት ነጠላና ነጭ ሸሚዝ ላይ አትርጩት፤ ቆዳ ላይ ብቻ። ከመቀባታችሁ በፊት ክንዳችሁ ውስጠኛው በኩል ትንሽ አድርጋችሁ አንድ ቀን ሙሉ ጠብቁ፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ ይቅር።

ፈተናውን ጠዋትም ቀትርም አድርጉት። እኛ ጋ ጠዋት ውርጭ ነው፣ ሰባት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጠዋት በብርዱ ላክቶኖቹ ቆዳ ላይ ይተኛሉ፤ ሰው አጠገባችሁ ካልመጣ አይሸተውም። ቀትር ላይ ይነሳሉ። ጠዋት «አነሰ» ብላችሁ የደገማችሁት ሽቶ ስምንት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ያስከፍታል። አየሩ ቀጭንና ደረቅ ስለሆነ ደግሞ የላይኛው ሎሚና ቅዝቃዜ ቶሎ ይበራል። በበጋ ቆዳው ሲደርቅ ምንም ነገር አይይዝም። ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ቀብታችሁ ላዩ ላይ ብትረጩት ክሬሙ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል። ሁለት ቦታ ይበቃል፣ ደረትና አንገት ሥር።

ይህ ሁሉ መለካት አይሆንልኝም ለምትሉ ያለቀ ዕቃ በመደራረብም ይቻላል። እንደ ስፕሪስ ነው፣ ከባዱ ከሥር፣ ቀላሉ ከላይ። ኮኮናት ወይም ወተት የሚሸት ሎሽን ከታች፣ ላዩ ላይ መርካቶ በትንሽ ጠርሙስ ከሚሸጡት የዘይት ሽቶዎች ሰንደል ወይም ነጭ ምስክ አንድ ነጥብ፣ መጨረሻ ላይ እንጆሪ ወይም ኮክ ያለበት ቀላል የሚረጭ ሽቶ። ቫኒላ ሎሽኑ ውስጥ ካለ ሌላ ቫኒላ አትጨምሩ። ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ ሲያሸታችሁ አትወስኑ፤ እጃችሁ ላይ አስቀቡና ገበያችሁን ጨርሳችሁ ስትመለሱ አሽቱት። ለኬክ የሚሸጠውን ቫኒላ ደግሞ ቆዳችሁ ላይ አታድርጉ፤ ለሆድ የተሠራ ነው፣ ያጣብቃል፣ ልብስም ያበላሻል።

የመጨረሻው ነገር ልጆች ናቸው። ይህ ሽቶ እውነተኛ አይስክሬም ይሸታል፤ ትንሽ ልጅ ቢያገኘው ይጠጣዋል። ጠርሙሱ የጁስ ወይም የሽሮፕ ጠርሙስ አይሁን። «ሽቶ፣ አይጠጣም» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበትና ከፍ ያለ ቦታ፣ ፀሐይ የማያገኘው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።